ከብሬግዚት በኋላ ያለው ውል፦ ስለ ብሪታንያና አውሮፓ ኅብረት ስምምነት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአማርኛ ተጽፎ ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ ሁለቱን ወገኖች ስለሚያስተሳስረው ስምምነት አምስት ነገር ይላል። ቀረጥ ዜሮ ስለሆነ ንግዱ እንደ ቀድሞው ቀጥሏል፤ ብሪታንያ ዛሬም በአውሮፓ ፍርድ ቤት ሥር ናት፤ ስምምነቱ ቢጣስ ጠያቂ የለም፤ በ2026 ጊዜው ያበቃል፤ ብሪታንያ ውስጥ የሚኖሩ የኅብረቱ ዜጎች መብትም ከዚሁ ስምምነት የመጣ ነው። ጸሐፊው ለአንባቢው ማስረዳት እንደፈለገ ያስታውቃል። ሆኖም ከአምስቱ አንዱም በቀረበበት መልኩ ትክክል አይደለም፤ በዚህ መረጃ ዕቃ የሚልኩና የቤተሰባቸውን ጉዳይ የሚወስኑ ወገኖች ስላሉ ነጥብ በነጥብ መመለስ ያስፈልጋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ሰነዶቹ ሁለት መሆናቸው ነው። ብሪታንያ በጁን 23 ቀን 2016 ሕዝበ ውሳኔ 51.9 በመቶ ለ48.1 በሆነ ድምፅ ለመውጣት ወሰነች፤ በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጣች። የወጣችው «የመውጫ ስምምነት» በሚባለው ሰነድ ነው። ይህ ሰነድ የዜጎችን መብት፣ የዕዳ ሒሳቡንና የሰሜን አየርላንድን ጉዳይ ይዟል። ከዚያ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ድረስ የሽግግር ጊዜ ነበር። ሁለተኛው ሰነድ «የንግድና የትብብር ስምምነት» ነው፤ ድርድሩ በገና ዋዜማ፣ ዲሴምበር 24 ቀን 2020 አልቆ በጃንዋሪ 1 ቀን 2021 በጊዜያዊነት፣ በሜይ 1 ቀን 2021 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። የጽሑፉ ስሕተት ግማሹ የመነጨው ሁለቱን እንደ አንድ ሰነድ ከማየት ነው።

«ቀረጥ ዜሮ ስለሆነ ንግዱ እንደ ቀድሞው ነው»

ቀረጥም ኮታም ዜሮ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ዜሮው የተፈቀደው ብሪታንያ ወይም ኅብረቱ ውስጥ ለተመረተ ዕቃ እንጂ ከዚያ ለተጫነ ዕቃ ሁሉ አይደለም። አባልነት በነበረበት ዘመን አንድ ዕቃ ሮተርዳም ወይም ፌሊክስቶው ወደብ ላይ አንዴ ቀረጡ ከተከፈለ በመላው ኅብረት ያለ ጥያቄ ይዘዋወር ነበር። ያ የጉምሩክ ኅብረት ነው። አሁን ያለው ነጻ የንግድ ቀጣና ሲሆን፣ እዚህ ደግሞ እያንዳንዱ ጭነት ድንበር ላይ ሥሪተ አገሩ፣ ማለትም የተመረተበት አገር፣ ይጠየቃል። አባል የነበረ አገር ነጋዴ መብቱን ማሳየት አያስፈልገውም ነበር፤ የስምምነት ተጠቃሚ ግን በየጭነቱ ማረጋገጥ አለበት። ጽሑፉ የሳተው ዋና ነገር ይህ ነው።

በእኛው ቡና እንየው። ጥሬ ቡና ወደ ኅብረቱም ሆነ ወደ ብሪታንያ ሲገባ ቀረጥ የለበትም። የተቆላ ቡና ግን የኅብረቱ መደበኛ ቀረጥ 7.5 በመቶ ነው። የይርጋጨፌ ጥሬ ቡና ለንደን ገብቶ እዚያው ከተቆላ፣ መቁላቱ የብሪታንያ ምርት ስለሚያሰኘው ስምምነቱን ተጠቅሞ ፓሪስ ያለ ቀረጥ ይገባል። አዲስ አበባ ተቆልቶ ለንደን የገባና እዚያ በትንንሽ ከረጢት የታሸገ ቡና ግን የብሪታንያ ምርት አይባልም፤ ማሸግ፣ መለያ መለጠፍና መደርደር በቂ ሥራ እንደማይባሉ ስምምነቱ ራሱ ዘርዝሯል። የሚያሳዝነው፣ ይኸው ቡና ከአዲስ አበባ በቀጥታ ፓሪስ ቢላክ ኖሮ ኅብረቱ ካላደጉ አገሮች ለሚመጣ ምርት በሰጠው ዕድል ቀረጥ አይከፍልም ነበር። ለንደን ላይ የጉምሩክ ሥርዓት ፈጽሞ ከገባ በኋላ ወደ ፓሪስ ሲዞር ሁለቱንም መብት ያጣል።

አበባ በተቃራኒው አቅጣጫ ተመሳሳይ ችግር ገጥሞታል። የኢትዮጵያና የኬንያ ጽጌረዳ ብዙው የሚሸጠው በኔዘርላንድስ ጨረታ በኩል ነው። ከዚያ ወደ ብሪታንያ ሲሻገር የኔዘርላንድስ ምርት አይሆንም፤ አበባ ሥሪተ አገሩ ያደገበት ነው። ብሪታንያ ኢትዮጵያን ለመሰሉ አገሮች የሰጠችው የራሷ የቀረጥ ነጻ ዕድልም ዕቃው በጉዞ ላይ እንዳይነካካና ከየት እንደመጣ በሰነድ እንዲታይ ይፈልጋል፤ በጨረታ ተከፋፍሎ በሌላ እቅፍ የታሰረ አበባ ይህን ለማሟላት ይቸገራል። በዚህ ምክንያት የ8 በመቶ ቀረጥ ጥያቄ ይነሣ ነበር። ብሪታንያ ከኤፕሪል 11 ቀን 2024 እስከ ጁን 30 ቀን 2026 ድረስ የተቆረጠ አበባ ቀረጥን ከየትም ይምጣ ከየት ያገደችው ይህንን ለማቃለል ነበር። እገዳው የብሪታንያ የራሷ ውሳኔ ነው፤ ከኅብረቱ ጋር ያላት ስምምነት የሰጠው መብት አይደለም። በሆላንድ በኩል የሚልክ ነጋዴ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት የጊዜ ገደቡን መመልከት ይኖርበታል።

ዜሮውን ለማግኘት ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ዕቃው ትክክለኛው የታሪፍ ቁጥር (ጉምሩክ የዕቃውን ዓይነት የሚለይበት ቁጥር) ይሰጠዋል፤ እዚህ የተሳሳተ ሰው የሚቀጥለውን ሁሉ ይሳሳታል። ቀጥሎ ለዚያ ቁጥር የተጻፈው የምርት ደንብ ይነበባል። አንዳንዱ ደንብ የታሪፍ ቁጥሩ እንዲለወጥ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ከውጭ የመጡ ጥሬ ዕቃዎች ከፋብሪካ መውጫ ዋጋ ምን ያህል በመቶ እንዳያልፉ ይወስናል። ከዚያ ላኪው ደረሰኙ ላይ ወይም ሌላ የንግድ ሰነድ ላይ የሥሪተ አገር መግለጫውን በስምምነቱ በተቀመጠው ቃል ይጽፋል። የብሪታንያ ላኪ የጉምሩክ መለያ ቁጥሩን ያሰፍራል፤ የኅብረቱ ላኪ ደግሞ ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ በላይ ከሆነ በተመዘገበ ላኪነት ቁጥሩ መግለጽ አለበት። በመጨረሻ አስመጪው ራሱ በዲክላራሲዮኑ ላይ የዜሮ ቀረጥ ጥያቄውን ያቀርባል። ካላቀረበ ማንም አያቀርብለትም፤ መደበኛው ቀረጥ ይከፈላል። ማስረጃው ዘግይቶ ከተገኘ ዕቃው በገባ በ3 ዓመት ውስጥ ተመላሽ መጠየቅ ይቻላል። ላኪው ሰነዱን 4 ዓመት፣ አስመጪው 3 ዓመት እንዲያስቀምጡ ግዴታ አለባቸው፤ ጉምሩክ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ሲጠይቅ ማስረጃ ያጣ ሰው ቀረጡን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይከፍላል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ባንግላዴሽ ተሰፍቶ ለንደን መጋዘን የተቀመጠ ሸሚዝ የኅብረቱ አባል ወደሆነችው አየርላንድ፣ ወደ ደብሊን፣ ሲላክ 12 በመቶ ይከፍላል። ጀርመን ተሠርቶ ብሪታንያ መጋዘን የገባ ከረሜላም ወደ አየርላንድ ሲመለስ፣ ብሪታንያ ውስጥ ምንም ስላልተሠራበት የስምምነቱ ዜሮ አያገኘውም፤ ሌላ የጉምሩክ ሥርዓት መፈለግ ግድ ይሆናል። በመኪና ላይ ደግሞ መደበኛው ቀረጥ 10 በመቶ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የተቀመጠው የሥሪተ አገር ደንብ በጃንዋሪ 2024 ሊጠነክር ሲል የባትሪ ፋብሪካዎቹ ገና ስላልደረሱ፣ ሁለቱ ወገኖች በዲሴምበር 2023 የላላውን ደንብ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2026 አራዝመውታል። ባያራዝሙት ኖሮ «ዜሮ ቀረጥ» በሚባለው ስምምነት ሥር ብዙ መኪና 10 በመቶ ይከፍል ነበር።

ምግብ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ስምምነቱ የእንስሳት ሕክምና ቁጥጥርን በጋራ የመቀበል ድንጋጌ የለውም። ስለዚህ ከብሪታንያ ወደ ኅብረቱ የሚሄድ ሥጋ፣ ወተትና ዓሣ በእንስሳት ሐኪም የተፈረመ የጤና ሰርተፊኬት ይዞ፣ አስቀድሞ በኅብረቱ የመረጃ ሥርዓት ተመዝግቦ፣ የፍተሻ ጣቢያ ባለው ወደብ በኩል ብቻ ይገባል። በበረዶ ያልጠጠረ ጥሬ ቋሊማና የተፈጨ ሥጋ ጭራሽ አይገባም። የብዙ ሰው ዕቃ በአንድ የጭነት መኪና ሲጫን፣ አንዱ ሰርተፊኬት ላይ ማኅተም ወይም የገጽ ቁጥር ከጎደለ መኪናው በሙሉ ይቆማል፤ የሌላውም ዓሣ አብሮ ይበላሻል። ብሪታንያ በበኩሏ ከኅብረቱ በሚመጣ ምግብ ላይ ቁጥጥሯን ደጋግማ አራዝማ አካላዊ ፍተሻ የጀመረችው በኤፕሪል 30 ቀን 2024 ነው። በዶቨርና በባሕር ሥር ባለው ዋሻ በኩል ለሚገባ ጭነት መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ስጋት ላለው የዕቃ ዓይነት 29 ፓውንድ፣ በአንድ ጭነት ቢበዛ 145 ፓውንድ ይከፈላል። ለአነስተኛ ሱቅ ይህ ክፍያ ትርፉን ሊበላው ይችላል።

ለመንገደኛም ይሠራል፦ ከለንደን ወደ ብራስልስ በባቡር የሚሄድ ሰው ቋንጣ ወይም ንጥር ቅቤ በሻንጣው ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። ብሪታንያም በአፍተግር በሽታ ምክንያት ከኤፕሪል 12 ቀን 2025 ጀምሮ ከኅብረቱ አገሮች የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ ሥጋ እንዲሁም የወተት ተዋጽኦ ለግል ፍጆታ ማስገባትን ከልክላለች።

አገልግሎትን ጽሑፉ አላነሣውም፤ ባጭሩ ግን የለንደን ባንክ በአንድ ፈቃድ በመላው ኅብረት የሚሠራበት መብት ቀርቷል። የሐኪም ወይም የመሐንዲስ ዲፕሎማም በራሱ አይታወቅም፤ እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ያየዋል። የግል መረጃ ዝውውርና የፋይናንስ ሕጎች አቻነት የሚወሰኑት ኅብረቱ ለብቻው በሚሰጠውና ለብቻው ሊያነሣው በሚችለው ውሳኔ ነው። ስምምነቱ ውስጥ ስለሌሉ ክርክር ቢነሣ ወደ ስምምነቱ ዳኞች ሊወሰዱ አይችሉም።

«ብሪታንያ ዛሬም በአውሮፓ ፍርድ ቤት ሥር ናት»

በንግድና ትብብር ስምምነቱ ይህ ስሕተት ነው። አንቀጽ 4 ስምምነቱ በዓለም አቀፍ ሕግ የአተረጓጎም ደንብ እንዲተረጎም ያዝዛል፤ የአንዱ ወገን ፍርድ ቤት የሰጠው ትርጉም ሌላውን አያስገድድም። ሉክሰምበርግ ያለው የኅብረቱ ፍርድ ቤት በዚህ ሰነድ ላይ ብሪታንያን ማዘዝ አይችልም።

ፍርድ ቤቱ ቦታ ያለው በሌላው ሰነድ፣ በመውጫ ስምምነቱ ሥር ነው፤ በተለይም ሰሜን አየርላንድ ላይ። የብሪታንያ ግዛት በሆነችው ሰሜን አየርላንድና የኅብረቱ አባል በሆነችው አየርላንድ ሪፐብሊክ መካከል የሚታይ ድንበር እንዳይተከል ሲባል ሰሜን አየርላንድ በዕቃ ጉዳይ የኅብረቱን ሕግ መተግበሯን ቀጥላለች። በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2023 ይፋ የሆነው የዊንዘር ማዕቀፍ ሥራውን አቅልሎታል፦ እዚያው ሰሜን አየርላንድ ለሚቀር ዕቃ አረንጓዴ መስመር፣ ወደ አየርላንድ ሪፐብሊክ ሊሻገር ለሚችል ቀይ መስመር። በአረንጓዴው መስመር የሚያልፍ ምግብ «ለአውሮፓ ኅብረት አይደለም» የሚል መለያ ይለጠፍበታል። ስቶርሞንት በሚባለው የሰሜን አየርላንድ ምክር ቤት ከሁለት ፓርቲ ያላነሱ 30 አባላት አዲስ የኅብረት ሕግ እንዳይገባ አቤቱታ የሚያቀርቡበት መንገድም አለ። ምክር ቤቱ በዲሴምበር 10 ቀን 2024 በ48 ለ36 ድምፅ አሠራሩ እንዲቀጥል ወስኗል። ስለዚህ የጽሑፉ አባባል ሰሜን አየርላንድ ስላለችው ቤልፋስት በከፊል ያስኬዳል፤ እንግሊዝ ስላለችው ማንቸስተር አያስኬድም።

ወደፊት ግን ሥዕሉ ሊለወጥ ይችላል። በሜይ 19 ቀን 2025 ለንደን ላይ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱ ወገኖች የምግብና የዕፅዋት ጤና ስምምነት ለመደራደር ተስማምተዋል፤ ብሪታንያ በዚያ ዘርፍ የኅብረቱን ሕግ እየተከተለች ልትሄድ፣ የኅብረት ሕግ ትርጉም ሲያከራክርም የመጨረሻው ቃል የሉክሰምበርግ ሊሆን። ምርጫው ግልጽ ነው፦ የሰርተፊኬቱ ሸክም እንዲቀል ከተፈለገ የሕግ አወጣጥ ነጻነት በዚያው ልክ ይቀንሳል።

«ቢጣስ ጠያቂ የለም»

ለዚህ መልሱ አሸዋ ውስጥ የምትደበቅ ትንሽ ዓሣ ናት። እንግሊዝና ስኮትላንድ የባሕር ወፎች የሚመገቧት ሳንድኢል የምትባል ዓሣ እንዳትጠመድ ከማርች 26 ቀን 2024 ጀምሮ በሰሜን ባሕር ውኃቸው ከለከሉ። በዋናነት የተጎዱት የዴንማርክ ጀልባዎች ነበሩ። ኅብረቱ በኤፕሪል 2024 ምክክር ጠየቀ፤ ሳይግባቡ ሲቀሩ በኦክቶበር 2024 ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄደ፤ በጃንዋሪ 2025 ሄግ ላይ ክርክር ተሰማ፤ ውሳኔው በሜይ 2025 መጀመሪያ ታተመ።

ሂደቱ ስምምነቱ እንደደነገገው ነው የሄደው። ከሳሽ በጽሑፍ ምክክር ይጠይቃል፤ ለዚህ 30 ቀን ይሰጣል። ካልተፈታ ሦስት ዳኞች ይሰየማሉ፤ ከተሰየሙ በ130 ቀን፣ ቢዘገይ በ160 ቀን ውሳኔ ይሰጣሉ። ዳኞቹ ክልከላው በሳይንስ የተደገፈ መሆኑን ተቀበሉ፤ የስኮትላንድንም አጸደቁ። በእንግሊዝ ውኃ ላይ የተወሰነው ግን ኅብረቱ እስከ ጁን 2026 በተዘረጋው የዓሣ ሽግግር ጊዜ የተሰጠውን የማጥመድ መብት ከጉዳቱ ጋር በሚገባ ሳይመዝን የተወሰነ ነው ብለው ብሪታንያን በዚህ ነጥብ ጥፋተኛ አደረጉ። ክልከላው ይነሣ አላሉም፤ የጎደለው ሚዛኑን የማየት ሥራ ነበር። ለሁለቱም ወገን የሚያስተምር ውሳኔ ነው፦ አካባቢን መጠበቅ ይቻላል፣ ግን ውል የገቡለትን የሌላውን መብት ቆጥሮ።

ተሸናፊው ካላስተካከለ አሸናፊው በሌላ ዘርፍ ጭምር ግዴታውን ሊያግድ ይችላል፤ ለምሳሌ በዓሣ ጉዳይ የተጣሰን ነገር በሌላ ዕቃ ቀረጥ መመለስ ይቻላል። ዓሣ ከንግዱ ጋር እንዲህ መታሰሩ በድርድሩ መጨረሻ ቀናት ብዙ ያጨቃጨቀ ነበር። አንዱ ወገን የዓሣውን ክፍል በማስታወቂያ ቢያፈርስ፣ የዕቃ ንግዱ፣ አቪዬሽኑና የጭነት መኪና መጓጓዣው ክፍልም አብሮ ይፈርሳል።

ጠያቂ የለም የሚለው ትክክል የሚሆነው በአንድ ነገር ነው፤ ጸሐፊው ግን እሱን አላነሣውም። ጠያቂዎቹ መንግሥታት ብቻ ናቸው። አንቀጽ 5 ግለሰብም ሆነ ድርጅት ስምምነቱን በቀጥታ ጠቅሶ በአገር ውስጥ ፍርድ ቤት መብት መጠየቅ እንደማይችል ይደነግጋል። ካሌ ላይ ዕቃው ያላግባብ የተያዘበት ነጋዴ በፈረንሳይ የጉምሩክ ሕግ ይግባኝ ይላል፤ ከዚያ ካለፈ አቤቱታውን ለራሱ መንግሥት አቅርቦ መንግሥቱ በሁለቱ ወገኖች የጋራ ኮሚቴ እንዲያነሣለት መጠበቅ ነው። ስለዚህ ትራንዚተር ሲመረጥ የመድረሻውን አገር የይግባኝ ጊዜ ገደብ የሚያውቅ መሆኑን መጠየቅ ይገባል።

«በ2026 ያበቃል»

አያበቃም። 783 አንቀጾች ያሉት ይህ ሰነድ የማብቂያ ቀን የለውም። በ2026 እንዲያበቁ የተጻፉት ሁለት ክፍሎች ነበሩ። አንደኛው የዓሣ ሽግግር ጊዜ ነው፤ በብሪታንያ ውኃ ከሚጠመደው የኅብረቱ ድርሻ በዋጋ 25 በመቶው ደረጃ በደረጃ ወደ ብሪታንያ ተዛውሮ በጁን 30 ቀን 2026 ያልቃል። በ2025ቱ ጉባኤ ግን የኅብረቱ ጀልባዎች በብሪታንያ ውኃ የመግባት መብታቸው እስከ ጁን 30 ቀን 2038 እንዲዘልቅ ስምምነት ላይ ተደርሷል። ሌላው የኃይል አቅርቦት ክፍል ነው፤ እሱም በዚያው ቀን እንዲያበቃ ተጽፎ የነበረ ሲሆን በጉባኤው ለማራዘም ተስማምተዋል።

ከዚህ ሌላ አንቀጽ 776 አፈጻጸሙ በየ5 ዓመቱ እንዲገመገም ያዝዛል። መገምገም እንደገና መደራደር ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ካልተስማሙ አንድ መስመር አይለወጥም። መፍረስ የሚችለው በአንቀጽ 779 መሠረት አንዱ ወገን የ12 ወር ማስታወቂያ ሲሰጥ ነው።

«የዜጎች መብት ከንግድ ስምምነቱ የመጣ ነው»

ይህ ከሁሉ ይበልጥ ሰው ሊጎዳ የሚችል ስሕተት ነው። የኔዘርላንድስ፣ የስዊድን ወይም የጣሊያን ዜግነት ወስደው ወደ ለንደንና በርሚንግሃም የተሻገሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች አሉ። ሴትልድ ስታተስ የሚባለው ብሪታንያ ውስጥ የመኖር መብታቸው የቆመው በመውጫ ስምምነቱ ላይ ነው፤ የንግድ ስምምነቱ ነገ ቢፈርስ እንኳ አይነካም። ደግሞም ከንግድ ስምምነቱ በተለየ፣ የመውጫ ስምምነቱን በአንቀጽ 4 መሠረት ግለሰቡ ራሱ በብሪታንያ ፍርድ ቤት በቀጥታ ጠቅሶ ሊከራከርበት ይችላል። በዜጎች መብት ላይ የብሪታንያ ፍርድ ቤት ለሉክሰምበርግ ጥያቄ የሚልክበት በርም ከሽግግሩ ማብቂያ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020፣ ጀምሮ በ8 ዓመት ውስጥ ለሚጀመሩ ክሶች ክፍት ነው።

ወሳኙ ቀን ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ብሪታንያ ነዋሪ የነበረ የኅብረት ዜጋ እስከ ጁን 30 ቀን 2021 ማመልከት ነበረበት፤ ያረፈደ ሰው በቂ ምክንያት ካለው ዛሬም ማመልከት ይችላል። ተከታታይ 5 ዓመት የኖረ ሙሉውን፣ ያልሞላ ጊዜያዊውን ያገኛል። ጊዜያዊውን የያዘ ሰው ድጋሚ ባለማመልከቱ ብቻ መብቱ ይቋረጣል የሚለውን አሠራር የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2022 ሕገ ወጥ ብሎታል።

ለቤተሰብ ደግሞ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ዜጋው በዚያ ቀን ብሪታንያ ነዋሪ ከነበረና ጋብቻው ከዚያ ቀን በፊት ከተፈጸመ፣ አዲስ አበባ ያለ ባል ወይም ሚስት በመውጫ ስምምነቱ መብት ሊመጣ ይችላል፤ የገቢ መጠን አይጠየቅም። ከዚያ በኋላ የተጋቡና ቀደም ሲልም ዘላቂ የትዳር መሰል ግንኙነት ያልነበራቸው በብሪታንያ መደበኛ የኢሚግሬሽን ሕግ ይታያሉ፤ በዚህ ሕግ ከኤፕሪል 11 ቀን 2024 ጀምሮ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ገቢ በዓመት 29,000 ፓውንድ ነው። ለንደን ያለው ዜጋ የሚያዘጋጀው ማስረጃም ያንን ቀን የሚያሳይ ይሁን፦ ጋብቻው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በፊት መፈጸሙን የሚያሳይ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከተረጋገጠ ትርጉሙ ጋር፣ በ2020 ብሪታንያ እንደነበረ የሚያሳይ የደመወዝ ወይም የግብር ሰነድ፣ የቤት ኪራይ ውልና የባንክ መግለጫ።